ይድረስ የካናዳዋን ሳስካችዋን ከፒያሳ ለሚያርሰው ሰውዬ

ጉዳዩ፦ ጠረጴዛ ስለማስለቀቅ

ክቡር ባለእርሻ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከድምፅዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ከብቱስ ደህና ነው? ስንዴው ደረሰ? የዘይት እህሉ ካኖላስ አበበ?

ከዚህ በኋላ አንተ ብልህ አትቀየመኝ። ጠዋት ጠዋት ፊቴ ተዘርግቶ ለሚውል ሰው አንቱታ ማብዛት ይከብደኛል።

መቼም ፒያሳ ያላስተናገደችው ሰው የለም። ሳይሾም ሚኒስትር የሆነውን አይተናል። ኳስ ነክቶ ሳያውቅ አርሰናልን የሚያሰለጥነውንም ችለነዋል። የአርሰናሉ አሰልጣኝ ግን ጨዋታው ሲያልቅ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ያንተ እርሻ ፊሽካ የለውም። ካፌው ሲከፈት ይጀምራል፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ አንተ ገና አረም ላይ ነህ።

አሠራርህን ላላዩ አንባቢዎች ላስረዳ። ካናዳ ሄደህ ባለእርሻ ልትሆን ነው፤ እስከዚያው የምታርሰው የካፌውን ጠረጴዛ ነው። አንድ ማኪያቶ ታዛለህ። ከአስተናጋጇ ትዕዛዝ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ ትዋሳለህ። እሷም ከዚያ በኋላ የሰውን ትዕዛዝ በቃሏ ትይዛለች፤ ሻይ ስናዝ ስፕሪስ የሚመጣልን ለዚህ ነው። ከዚያ ሶፍት ትዘረጋለህ። እዚህ ጋ ስንዴ፣ እዚያ ጋ ካኖላ፣ ከመንገዱ ማዶ ምስር። የስኳር ዕቃው በረት ነው። ማንኪያው ትራክተር ነው። ባለፈው ሲኒዬን ከፊቴ አንስተህ ጠርዝ ላይ አደረግክብኝ። "ምነው?" ስልህ፣ "ጎተራው ላይ አስቀምጠህብኝ እኮ ነው" አልከኝ። ያውም ቆጣ ብለህ! ሳላስበው ጎተራህን ይቅርታ ልጠይቅ ነበር።

ያን ዕለት ከሲኒው ሥር የፈሰሰ ቡና ምስሩን ጠራርጎ ወሰደው። አንተ ግን አልደነገጥክም። ሌላ ሶፍት ጠየቅክ።

ቪዲዮው ደግሞ አለ። ስልክህን ግድግዳው ሶኬት ላይ ትሰካለህ። ድምፁን እስከ ጥግ ትለቀዋለህ። ከዚያ ኮምባይነር ሲያጭድ ታያለህ፤ ታያለህ ማለት ካፌው በሙሉ ይሰማል። ኢርፎን የሚባል ነገር አለ እኮ፤ በር ላይ ያለው ሊስትሮ እንኳ አለው። ጥግ የሚቀመጡት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አጥፈው "ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የከፈትከው?" ቢሉህ፣ "አይ አባባ፣ የጆን ዲር ኮምባይነር ነው" ብለህ በኩራት መለስክላቸው። እሳቸው አሁን ጋዜጣቸውን ሌላ ካፌ ያነባሉ።

ከመስማት ብዛት እኔም ሳልወድ ጉዳዩን አነበብኩት። እስቲ ለአንድ ጊዜ ቁጥር እናውራ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"ካናዳ 160 ኤከር በ10 ዶላር ትሰጣለች" ትላለህ። አልዋሸህም። በ1872 የወጣ ሕግ ነበር። 10 ዶላር መመዝገቢያ ከፍሎ፣ ሦስት ዓመት እዚያው ኖሮ፣ መሬቱን አርሶና ቤት ሠርቶ ላሳየ ሰው ይሰጥ ነበር። አሰጣጡ በ1930 ቆመ። እንግዲህ የዘገየኸው መቶ ዓመት ላልሞላ ጊዜ ብቻ ነው። ታክሲ አጥተህ ይሆናል።

ዛሬ ሳስካችዋን የካናዳ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ከ10 ኤከር በላይ የእርሻ መሬት እንዲይዝ አትፈቅድም። በአጎትህ አለካክ 16 ጥማድ ገደማ ነው። እዚያ ያለው እርሻ ደግሞ በአማካይ ከ1,700 ኤከር በላይ ነው። ያ የምታሳየን ዓይነት ትልቅ ኮምባይነር አዲሱ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። በአንተ 10 ኤከር ላይ ገና ሳይሞቅ ያልቅበታል፤ ለመዞርም የጎረቤት ማሳ መዋስ አለበት።

"ቋሚ ፈቃድ አገኛለኋ!" እንደምትለኝ አውቃለሁ። እርሻ ገዝቼ ላስተዳድር ለሚል ሰው ክፍት የነበረው የፌዴራሉ መንገድ በ2018 ተዘግቷል። ከሳስካችዋን በፊት ምኞትህ የቀድሞዋ የሶቪየት አገር ጆርጂያ ነበረች፤ ስንት ሶፍት የፈጀችው ጆርጂያ። እሷም የእርሻ መሬትን ለውጭ ዜጋ የሚዘጋውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሥራ ላይ ያዋለችው በዚያው በ2018 ነው። ምን አድርገሃቸው እንደሆነ እንጃ። ወሬህ ሳይደርሳቸው አልቀረም፤ በአንድ ዓመት ሁለቱም በራቸውን ዘጉ።

ሕጉስ ይቅር። ብርዱን እንዴት ልታደርገው ነው? ሳስካችዋን ክረምቱ ሲከፋ ከዜሮ በታች 40 ይደርሳል። 40 ላይ ሴልሺየሱም ፋራናይቱም አንድ ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ በየትኛውም ብትለካው ማምለጫ የለህም። አንተ ደግሞ ሐምሌ ላይ የካፌው በር በተከፈተ ቁጥር "ኧረ ዝጉት፣ ገደላችሁን!" እያልክ የምትጮህ ሰው ነህ። በሁለት ጃኬት! በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ… የቀረውን ታውቀዋለህ።

አፈር የነካህበትን ቀን ግን እስቲ ንገረኝ። አትክልት ተራ እዚሁ ፒያሳ በነበረበት ዘመን አብረን አልፈናል። የሽንኩርት ጆንያ ስታይ ሱሪህን ሰብሰብ አድርገህ በጣትህ ጫፍ ነበር የምትራመደው። ያ አዲሱ አስተናጋጅ ልጅ ውኃ ያፈሰሰብህ ዕለትስ? "አንተ ገበሬ!" ብለህ ጮህክበት። ሱሪህን በሶፍት ጠረግክ። ከዚያ በሌላኛው ሶፍት ግብርናህን ቀጠልክ።

አጎትህ ጋ እንምጣ። ስልክህ ጠረጴዛው ላይ ስለሚውል ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ "አጎቴ ምንጃር" ይላል። ኅዳር ላይ ደወሉ። ኅዳር ላይ የጤፍ ገበሬ ከተማ ላለ ዘመድ የሚደውለው ለምን እንደሆነ ለመገመት ምንጃር መወለድ አያስፈልግም፤ አጨዳ ደርሶ ሰው ሲያጥር ነው። ድምፁን አጠፋኸው። እንደገና ደወሉ። ስልኩን በፊቱ ደፋኸውና "እነዚህ ሰዎች እኮ አሁንም በበሬ ነው የሚያርሱት፤ ምን ብዬ ነው የማወራው?" አልከን። ከዚያ ስለ ዘመናዊ እርሻ ቀጠልክ። በጂፒኤስ የሚነዳ ትራክተር፣ ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ምን የማይባል! ስልኩ ተደፍቶም ጠረጴዛውን ያርገበግበው ነበር። የስኳር ዕቃው፣ ማለቴ በረቱ፣ ተንቀጠቀጠ።

እኔ ሰውየውን ባገኛቸው ብዙ የምጠይቃቸው አለኝ። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው፤ ማሳው ተደጋግሞ ካልታረሰና ካልለሰለሰ አይቀበለውም። ከመዘራቱ በፊት መሬቱ በከብት ይረገጣል። መቼ ይዘራ፣ የትኛው ማሳ ውኃ ይቋጥራል፣ ዝናቡ ሲዘገይ ምን ይደረጋል፣ ማዳበሪያው በሰዓቱ ካልመጣ ከማን ይበደሩታል? ይህን ሁሉ አንድ ሶፍት ሳያበላሹ በጭንቅላታቸው ይዘውታል። አንተ ከእሳቸው የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥር ላይ ጤፉ በጆንያ ሲላክ፣ ያኔ ስልኩ ገና አንዴ ከመጥራቱ "አቤት ጋሼ!" ትላለህ። መናኸሪያ ድረስ በራይድ ትሄዳለህ። በማግስቱም "የምንጃር ማኛ እኮ ነው" እያልክ ትጎርርብናለህ፤ ያረስከው ይመስል።

እንዲያውም ልንገርህ። በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። አገሩ ገብቶ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ዘራ፤ እንጀራ ለናፈቀው ሐበሻም ይሸጥ ጀመር። ፈረንጁ ከእኛ ገበሬ ያየውን ይዞ ሄደ። አንተ ከምንጃር ተወልደህ ልትዘራ ያሰብከው ካኖላ ነው።

ሰው አገር ሄዶ ማረስ ነውር ነው አላልኩም። እግራቸውን አንስተው የሄዱ፣ ወደ እኛም የመጡ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 ሻሸመኔ ላይ 500 ኤከር መድበው ጃማይካውያኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። በ1975 ደርግ አብዛኛውን ወረሰው፤ ይኸው ያልተነቃነቁ አሁንም አሉ። እነሱን ባርኔጣ አውልቄ ነው የማሳልፋቸው።

ሌላም መጥቶ ነበር። የህንዱ የእርሻ ኩባንያ ካሩቱሪ ጋምቤላ ላይ 100,000 ሄክታር ተረከበ። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር፤ የዛሬ ማኪያቶህን ግማሽ አይገዛም። ትራክተሩም ገንዘቡም ነበረው። በ2011 ግን ባሮ ሞልቶ በቆሎውን ይዞት ሄደ። የአካባቢውን ሰው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ወንዙ በየክረምቱ የት ድረስ እንደሚወጣ ይነግራቸው ነበር። ኋላም ውሉ ተሰረዘ። አየህ፣ ባሮ ሲሞላ ሌላ ሶፍት አይታዘዝም።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚያጭድ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ያ ደላላህ። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ፣ ሁለት ስልክ ይዞ የሚመጣው። "የእርሻ ቪዛ ተለቋል፣ ቶሎ በል!" ይልሃል። አንዴ የመመዝገቢያ፣ አንዴ የፋይል መክፈቻ፣ አንዴ ደግሞ "የኤምባሲ ሰው ማነጋገሪያ"። ዝናብ ኖረ አልኖረ ምርቱ አይቀንስበትም። ማኪያቶውንም አንተ ነህ የምትከፍለው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ለሰማይ ላም የመኖ የሚከፍል ሰው ግን ያየሁት በአንተ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሱሉልታ ላም የሚያረባ የማውቀው ሰው አለ። ሠራተኛ ሄዶበት ተቸግሯል። ስላንተ ነግሬዋለሁ፤ "የካናዳ ባለእርሻ ነው" ስለው በጣም ተደስቷል። ላሞቹ የሚታለቡት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ከዚያ እበት ይዛቃል፣ በረቱ ይታጠባል፣ መኖ ይታደላል፣ ወተቱ መኪና ላይ ይጫናል። ሱሉልታ ደግሞ ሌሊቱን አይምርም፤ ለሳስካችዋን ጥሩ ማሟሟቂያ ነው። አንዷ ላም ትራገጣለች ብሎኛል፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አንተው ትደርስባታለህ።

ሁለት ሳምንት ሥራ። ከዚያ በኋላም "ሳስካችዋን" ካልክ ለቪዛው ፎቶ እኔ እከፍልልሃለሁ፤ ጀርባው ነጭ የሆነውን፣ ሳትስቅ የምትነሳውን። ቦቲ ጫማው ግን ከራስህ ነው። ሰውዬው ትርፍ የለኝም ብሏል።

አልሄድም ካልክ ደግሞ እርሻህን በማዕዘኗ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ወስን። መጸዳጃ ቤቱ በር ሥር ናት፤ ውኃ ቅርብ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የጎተራው ጎረቤት

ግልባጭ፦
ለካፌው ባለቤት፣ የሶፍቱን ወጪ በተመለከተ
ለአስተናጋጇ፣ እስክሪብቶውን በተመለከተ
ለአጎትየው፣ ምንጃር (እሳቸው ስልክ ያነሳሉ)