ድምፅ መስጠት ግዴታ በሆነበት አገር ያስተዋልኩት

በአውስትራሊያ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ በመራጮች መዝገብ ላይ መስፈርም ሆነ በምርጫ ጊዜ ድምፅ መስጠት በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው። በፌዴራል ምርጫ የቀረ ሰው ከምርጫ ኮሚሽኑ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ በቂ ምክንያት ካቀረበ ይታለፋል፣ ካላቀረበ 20 ዶላር ይቀጣል። በሜልበርን የምንኖርና ዜግነት የወሰድን የኢትዮጵያ ልጆች ሕጉ ስለሚመለከተን፣ ምርጫ በደረሰ ቁጥር «ይህ ለአገር ቤትስ አይበጅም ወይ?» የሚል ክርክር በመካከላችን ይነሳል። በበኩሌ ግዴታውን እዚህ ከልቤ እደግፈዋለሁ፣ ለኢትዮጵያ ግን አሁን ባለችበት ሁኔታ አልመኝላትም። ሁለቱ አቋሞች እርስ በርስ የሚጣሉ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ግዴታው በማን ላይ እንደሚከብድ አብረን ብናይ እወዳለሁ።

ሕጉ የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገው ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከተመዝጋቢው 60 በመቶ እንኳን አልሞላም ነበር። ሄርበርት ፔይን የተባሉ የታዝማኒያ ሴናተር ያቀረቡትን ረቂቅ ሁለቱ ምክር ቤቶች ብዙም ሳይከራከሩበት አጸደቁት፤ በ1925 ምርጫ ተሳትፎው ከ91 በመቶ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለታችኛው ምክር ቤት በሚሰጠው ድምፅ ተሳትፎው ከ90 በመቶ በታች የወረደው ገና በ2022 ነው፣ ያውም በጥቂቱ። በ1926 አንድ ሰው «ዕጩዎቹ ሁሉ ካፒታሊዝምን የሚደግፉ ስለሆኑ የምመርጠው የለኝም» ብሎ ቢከራከር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምክንያቱን አልተቀበለውም። በአንጻሩ ሃይማኖቱ ከምርጫ እንዲርቅ የሚያዘው ሰው በቂ ምክንያት እንዳለው ሕጉ ራሱ ይደነግጋል።

እዚህ ኖሬ ያስተዋልኩት ዋና ነገር ግዴታው ከዜጋው ይልቅ መንግሥትን አጥብቆ የሚያስር መሆኑን ነው። «ካልመጣህ እቀጣሃለሁ» የሚል መንግሥት፣ ዜጋው እንዳይመጣ የሚያግደውን እንቅፋት ሁሉ አስቀድሞ የማንሳት ዕዳ አለበት። ስለዚህ ምርጫው ሁልጊዜ ቅዳሜ ይውላል፤ ድምፅ የሚሰጠውም በአብዛኛው በየሰፈሩ ባለው ትምህርት ቤት ነው። ቅዳሜ ሥራ ያለበት አስቀድሞ በተከፈቱ ጣቢያዎች ወይም በፖስታ ይመርጣል። ወደ ሆስፒታሎችና ወደ አረጋውያን መጦሪያዎች ተንቀሳቃሽ ቡድኖች ይሄዳሉ፤ ከከተማ እጅግ ርቀው ወደሚገኙ የቀደምት ሕዝቦች (የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች የሆኑት አቦርጂኖች) መንደሮችም ኮሮጆው በአውሮፕላን ሳይቀር ይጓዛል። የቪክቶሪያ የምርጫ ኮሚሽን አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች የስልክ አስተርጓሚ ያቀርባል። መራጩ ወረቀቱን ይዞ ከለላው ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ምን እንደጻፈ የሚያይ የለም፤ ባዶውን አጥፎ ቢከተው እንኳን ማንም ሊያውቅበት አይችልም።

የዚህን ጥቅም በሜልበርን ፉትስክሬይ አካባቢ ባሉት ወገኖቼ ላይ አይቻለሁ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው የጽዳት ሠራተኛ፣ የታክሲ ሹፌሩና በአረጋውያን መጦሪያ የሚያገለግሉት እናቶች ሁሉም መራጮች መሆናቸውን ፖለቲከኞቹ ስለሚያውቁ፣ ምርጫ ሲቃረብ ወደ ማኅበራችን አዳራሽ መጥተው ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ያወራሉ። ምርጫ በፈቃድ ብቻ በሆነበት አገር ድሃውና ወጣቱ ቀድሞ ይቀራል፣ የቀረውንም ሰው የሚያስታውሰው ፖለቲከኛ ጥቂት ነው። ቺሊ ግዴታውን በ2012 አንስታ በቀጣዩ ዓመት በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር ድምፅ የሰጠው 42 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ በ2022 ሕዝበ ውሳኔ ግዴታውን ስትመልስ ተሳትፎው ወደ 86 በመቶ ደረሰ።

ጉድለቱን አልሸሽግም። የቀደምት ሕዝቦች በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ ሙሉ መብት ያገኙት በ1962 ነው፤ ከሌላው ዜጋ እኩል በግዴታው ውስጥ የገቡትም በ1984 ነው፤ ያ ሁሉ ዘመን «ዜጋ ሁሉ» ሲባል እነርሱ አልተቆጠሩም ነበር። ዛሬም በታችኛው ምክር ቤት የምርጫ ወረቀት ላይ ዕጩዎቹን በሙሉ በቅደም ተከተል ቁጥር መስጠት ስለሚያስፈልግ፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ስደተኞች በሚበዙባቸው የምዕራብ ሲድኒ አካባቢዎች የሚበላሸው ድምፅ የአገሪቱን አማካይ እጥፍ ያህላል። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት «ልጄ፣ ቅጣቱን ፈርቼ ነው የምሄደው፤ ቁጥሩን የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ግን አውቄ በመረጥኩ» ብለውኛል። እኚህን ሰው ጣቢያ ድረስ ማምጣት የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ኮሚሽኑም እኛም ልንረዳው ይገባል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መምረጥን መብት አድርጎ አስቀምጦታል፤ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሆኖም ከፍተኛ የተሳትፎ ቁጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በደርግ ዘመን በተካሄደው የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ 96 በመቶ መራጭ እንደተሳተፈ ተነግሯል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫም ተሳትፎው ከፍተኛ ነው ተብሎ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱን መቀመጫዎች ጠቅልለው ወስደዋል። በቀበሌ ስብሰባ በስም ጥሪ፣ በኋላም በአንድ ለአምስት አደረጃጀት የኖረ ሕዝብ ድምፅ መስጠት የሚያስቀጣ ግዴታ ሆነበት ቢባል፣ ደብዳቤውን የሚጽፍለት ገለልተኛ ኮሚሽን ከመሆኑ በፊት በሩን የሚያንኳኳው የቀበሌ ካድሬ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ምክንያቱን አስረድቶ የመታለፍ መብቱስ በየትኛው ችሎት ይከበርለታል?

ሕዝባችን ሳይገደድ መምረጥ እንደሚያውቅ በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አሳይቷል። ያን ዕለት ሕዝቡ ከንጋት በፊት ጀምሮ ተሰልፎ የዋለው ድምፁ ለውጥ ያመጣል ብሎ ስላመነ ነው፤ በአዲስ አበባም ቅንጅት 23ቱንም የፌዴራል መቀመጫዎች አሸነፈ። በተከታዮቹ ወራት የፈሰሰው ደምና የደረሰው እስራት ያንን እምነት ክፉኛ ጎድቶታል፤ የጠፋ እምነትን ደግሞ ቅጣት አይመልሰውም። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦ፣ ሰልፉ ስለረዘመ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል። በዚያው ቀን ግን በጦርነት ውስጥ በነበረው ትግራይ ምርጫ አልነበረም፤ በሌሎች አካባቢዎችም ለመስከረም ተላልፎ ነበር። ጣቢያ ያልተከፈተለትን ዜጋ ለምን አልመረጥክም ብሎ የሚጠይቅ ሕግ ሊኖር አይገባም።

ስለ ግዴታ ከመነጋገራችን በፊት ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሊፈጽመው የሚችል አንድ ነገር አለ። አውስትራሊያዊ ለንደን ቢሆንም በአገሩ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ይመርጣል። እኔ ዜግነቴን ስለቀየርኩ በኢትዮጵያ ምርጫ ድምፅ አይገባኝም፣ አልጠይቅምም። በሪያድ፣ በዱባይና በቤሩት የሚሠሩት እህቶቻችን ግን ኢትዮጵያዊ ፓስፖርታቸውን እንደያዙ፣ ለቤተሰባቸው ገንዘብ እየላኩ፣ ድምፅ የሚሰጡበት ጣቢያ ሳይኖራቸው ምርጫ ያልፋቸዋል። በየኤምባሲውና በየቆንስላው፣ እነርሱ ከሥራ በሚያርፉበት ቀን፣ ያለ ምንም ማስገደድ ጣቢያ ይከፈትላቸው።