የሙሳ ወንድምም ገዳይ ነው

ፈረንሳዊው ደራሲ አልቤር ካሙ «ባይተዋሩ» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው በፈረንሳይ ቅኝ የተያዘችው አልጄሪያ ናት። መርሶ የሚባል ፈረንሳዊ የቢሮ ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ አንድ ዐረብ ይገድላል። መጀመሪያ አንድ ጥይት፣ ትንሽ ቆይቶ አራት። የሟቹ ስም እስከ መጨረሻው አይነገርም።

አልጄሪያዊው ጋዜጠኛ ካሜል ዳውድ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው «የመርሶ ምርመራ» ልብ ወለድ ሟቹን ሙሳ አለው። ታሪኩን የሚነግረን ታናሽ ወንድሙ ሃሩን ነው። ሸምግሏል፤ ኦራን ከተማ መጠጥ ቤት ቁጭ ብሎ ለአንድ ተማሪ ያወራል። (ሙሴና አሮን መሆናቸው ነው። አንደበቱ ለከበደው ሙሴ ይናገርለት የነበረው አሮን አይደል?) የካሙ መጽሐፍ በእናት ሞት ይጀምራል። ሃሩን ግን ገና ከመነሻው እናቴ ዛሬም አለች ይለናል።

ብዙ ሰው የዳውድን መጽሐፍ የሚያወድሰው ለሟቹ ስም ስለሰጠው ነው። ስም የተነፈገው ሰው ስም አገኘ፣ ካሙም የእጁን አገኘ፣ እሰይ! ለእኔ ግን ይሄ ቀላሉ ግማሽ ነው።

ከባዱ ግማሽ ሃሩን ራሱ ሰው መግደሉ ነው። ጊዜው ጁላይ 1962፣ አልጄሪያ ነፃ በወጣች ሰሞን ነው። ሙሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር የተገደለው፤ ሃሩን የሚተኩሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሟቹ ሸሽቶ ግቢያቸው የተደበቀ ጆሴፍ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እናትየው ከልጇ ጀርባ ቆማለች።

ሃሩን ተይዞ ይጠየቃል። የነፃ አውጪዎቹን መኮንን ያናደደው ግን ግድያው አይደለም፤ ቀኑ ነው። ለምን በጦርነቱ ጊዜ ከእኛ ጋር ሆነህ አልገደልክም ነው ነገሩ። ከዚያ ይለቁታል። አሁን ወደ መርሶ ችሎት ተመለሱ። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ዐረቡ ብዙም አይጨነቅም። መርሶ እናቱ ስትቀበር አላለቀሰም፣ ሬሳዋ አጠገብ ቡና በወተት ጠጣ፣ በማግስቱ ከሴት ጋር ዋኘ፣ የሚያስቅ ፊልም አየ፤ ክሱ ይሄ ነው ማለት ይቻላል። ጠበቃው ራሱ ሰውዬው የተከሰሰው እናቱን በመቅበር ነው ወይስ ሰው በመግደል ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ። ቅኝ ገዢውም ነፃ አውጪውም የየራሳቸውን ጉዳይ ሲመረምሩ ሟቾቹን ማንም አልጠየቀላቸውም።

ዳውድ አልፎ አልፎ ያሰለቻል። የሃሩን ምሬት አንዳንዴ ራሱን ይደጋግማል፤ ፍቅረኛው መርየምም ከስሟ ብዙም አትዘልም። ቢሆንም የሙሳን ወንድም እጅ ንጹሕ አድርጎ ቢያቀርብልን ኖሮ መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ባላነሳሁት ነበር።