የናሱ እባብ ሁለት ምዕራፍ አለው

ድሬዳዋ ውስጥ ካቶሊክ መሆን ከሦስት አቅጣጫ መጠየቅ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከከተማ አስተዳደራችን ነዋሪ ከመቶ 70 የሚሆነው ሙስሊም፣ ሩብ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ነበር፤ እኛ ከመቶ አንድ እንኳን አንሞላም። ስለዚህ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ሲጠጣም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲመሽ ወሬው ዞሮ ዞሮ እኛ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ሙስሊሙ ጎረቤት በጨዋ ደንብ «ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ የቆመችው ሴት ማን ናት?» ይላል። ወንጌላዊው የሥራ ባልደረባ የተቀረጸ ምስል የሚከለክለውን ዘጸአት ምዕራፍ 20ን በቃሉ ይወርደዋል። ኦርቶዶክሱ ደግሞ በግማሽ ልብ ከእኛ ወገን ሆኖ ይጠይቃል፦ ሥዕሉስ እሺ፣ እኛም ዘንድ አለ፤ ተቀርጾ የቆመው ሐውልት ግን ከየት መጣ?

የመጨረሻው ጥያቄ በአጭሩ ይመለሳል። የተቀረጸ ምስል የላቲን ሥርዓት፣ ማለትም የምዕራቡ የሮም ቤተ ክርስቲያን፣ ልማድ ነው፤ ወደ ሐረርጌ የመጡት የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያንም ያደጉበትን መንፈሳዊ ልማድ ይዘው መጡ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ በተቀባና ከእንጨት በተቀረጸ መካከል ያለው የጥበብ ልዩነት እንጂ የሃይማኖት ልዩነት አይደለም። ለኦርቶዶክሱ ወዳጄ አንድ ነገር ልጨምርለት፦ በየቤቱ ግድግዳ የምናያት፣ እጆቿን አመሳቅላ ልጇን የታቀፈችው ማርያም፣ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባሲሊካ ከሚገኘው ጥንታዊ ሥዕል የወረደች ናት። የዚያ ሥዕል ቅጂዎች ኢየሱሳውያን ከተባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ የአገራችን ሠዓሊዎችም በ17ኛው መቶ ዘመን እንደ ራሳቸው አድርገው ሣሏት። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረረ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች።

ለቀሩት ለሙስሊሙና ለወንጌላዊው ጥያቄዎች ያለን መልስ የተጠና ነው፦ «እናከብራለን እንጂ አናመልክም።» መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ከመደጋገሙ ብዛት እንደ በር መዝጊያ ሆኗል፤ ጠያቂው ሳይረካ ይሄዳል፣ መላሹም ምን ማለቱ እንደሆነ አስቦበት አያውቅም። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ልዩነት ያስቀመጠችው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። በስምንተኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይን ነገሥታት ሥዕላትን ከየቤተ ክርስቲያኑ እያስወረዱ ያስሰብሩ ነበር፤ በ754 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ ጉባኤም ሥዕላትን አወገዘ። በ787 እ.ኤ.አ. የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ መልሶ አጸናቸው፤ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀዳማዊ አድሪያን መልእክተኞችም ተገኝተውበት ነበር። ጉባኤው እንዲህ ለየ፦ ለሥዕል መሳለም፣ መስገድ፣ ዕጣንና መብራት በአክብሮት ይገባል፤ እውነተኛው አምልኮ ግን ለመለኮት ብቻ ነው። ምክንያቱን ከቅዱስ ባስልዮስ ተዋሰ፦ ለምስሉ የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ምስሉ ያልፋል። (ባስልዮስ ይህን ሲጽፍ ስለ ወልድና ስለ አብ ነበር የሚናገረው፤ ወደ ግድግዳ ሥዕል ያመጡት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ጥቅሱን እንደ ጥይት የሚተኩሱ ወገኖቼ ይህን ቢያውቁ አይከፋም።)

ለሐረርጌ ሰው ግን ከጉባኤው ይልቅ ቀረብ የሚለው የደማስቆው ዮሐንስ ነው። ከአረብ ኸሊፋዎች ጋር በኖረና ባገለገለ የክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ በኋላ በኢየሩሳሌም አካባቢ መነኮሰ። ለሥዕላት ጥብቅና የቆሙትን ሦስት ድርሳናት ሲጽፍ የቢዛንታይኑ ንጉሥ እጁ አልደረሰበትም፤ ምክንያቱም የሚኖረው በሙስሊም ግዛት ውስጥ ነበር። ዮሐንስ ከኦሪት አልሸሸም። በዘዳግም ምዕራፍ 4 እግዚአብሔር ምስል የከለከለበትን ምክንያት ጠቀሰ፦ በኮሬብ ሲናገራችሁ ምንም መልክ አላያችሁምና። ያልታየውን መሣል ውሸት ነው። ሥጋ ለብሶ በሰው መካከል የተመላለሰው ግን ታይቷል፤ የታየውን መሣል ደግሞ ሥጋ መልበሱን መመስከር ነው። «ቁስን አላመልክም፤ የቁስን ፈጣሪ አመልካለሁ፤ እርሱ ስለ እኔ ቁስ ሆኗልና» ያለውም እርሱ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤቴ ይህን መከራከሪያ አይቀበለውም፤ አለመቀበሉም ተገቢ ነው፤ አምላክ ሰው ሆነ የሚለውን መነሻ አይቀበልምና። ቢያንስ ግን ልዩነታችን ያለው በሐውልቱ ላይ ሳይሆን በቤተ ልሔም ላይ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ወንጌላዊው ባልደረባዬ «አትስገድላቸው ይላል፤ አንተ ደግሞ ስትንበረከክ አይቻለሁ» ሲለኝ ነገሩ ይጠብቃል። ከባድ ክርክር ነው፤ በፈገግታ አይታለፍም። ግን መንበርከክ ብቻውን ማንን እንደምናመልክ አይናገርም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 23 አብርሃም የመቃብር ቦታ ሊገዛ ለኬጢ ልጆች ሰገደ። ኢያሱ በታቦቱ ፊት እስከ ማታ ድረስ በግንባሩ ተደፍቶ ቆየ፤ በታቦቱ ላይም ከወርቅ የተሠሩ ኪሩቤል ነበሩበት። ከእስልምናው ሐዲስም ላንሳ፦ ኸሊፋ ዑመር በመካ ካዕባ ያለውን ጥቁር ድንጋይ ሲስሙ፣ ድንጋይ መሆኑንና ሊጠቅምም ሊጎዳም እንደማይችል እንደሚያውቁ፣ ነቢዩ ሲስሙት ባያዩ ኖሮ እንደማይስሙት መናገራቸው ተጽፏል። ሐረር ውስጥ ወደ ወሊዩ አው አባድር መቃብር ለዚያራ የሚሄድ ሰውም መቃብር ያመልካል ቢባል ይቆጣል። ያን ክርክር ሙስሊሞች እርስ በርሳቸው ይጨርሱት፤ እኔ አልገባበትም። እስልምና የእኛን ምስሎች ይቀበላል ማለቴም አይደለም። ማለት የፈለግሁት ከንፈርና ጉልበት ሲታዩ ልብ እንደማይታይ ነው፤ ይህን ደግሞ በዚህ አገር ያለ አማኝ ሁሉ ስለ ራሱ ሲሆን ያውቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ጥያቄ ከውጭ የመጣ የፕሮቴስታንት ዕቃ ነው እያሉ የሚያጣጥሉ ወገኖች አሉን። ማርቲን ሉተር በ1483 እ.ኤ.አ. ከመወለዱ አስቀድሞ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት የሰሜን መነኮሳት ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጋጭተዋል። ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አልሰገዱም ተብለው ተገረፉ፣ አካላቸው ጎደለ፣ ተገደሉ። እኔ በትምህርት ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ ቤተ ክርስቲያኔ ሥዕልን የምታከብር ናትና። ነገር ግን ለሥዕል ክብር ሲባል የእግዚአብሔርን ሕያው ምስል፣ ሰውን፣ የሚቆርጥ ሰው ምን እንዳከበረ ሊገባኝ አልቻለም። ጥያቄው የእኛው ነው፤ በግእዝ ተጠይቋል።

አሁን ወደ ናሱ እባብ ልምጣ። ካቶሊኮች ስንከራከር ዘኍልቁ ምዕራፍ 21ን እንወዳለን፦ እግዚአብሔር ራሱ ሙሴን የናስ እባብ ሠርተህ በዓላማ ላይ ስቀል አለው፤ የተነደፈ ሁሉ አይቶት ዳነ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታ ራሱ ስለ ስቅለቱ ሲናገር ይህንኑ ጠቅሶታል። መልካም ነው። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 ንጉሥ ሕዝቅያስ ያንኑ እባብ ሰባበረው፤ ሕዝቡ ዕጣን ያጥኑለት ጀምረው ነበርና። እግዚአብሔር ያዘዘው፣ ሙሴ የሠራው፣ የፈወሰ ምስል ነው የተሰበረው፤ መጽሐፉም ንጉሡን በዚህ ያመሰግነዋል። ስለዚህ ምስል መሥራት በራሱ ጣዖት አምልኮ ነው የሚለው ወገን ዘኍልቁን ዘሎታል፤ ምስሉ ከተባረከ ምንም አይበላሽም የሚለው ወገን ደግሞ ነገሥትን ዘሎታል። እኛ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ወገን ውስጥ ነን።

ቤተ ክርስቲያን ግን አልዘለለችውም። የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 እ.ኤ.አ. ስለ ምስሎች ባወጣው ውሳኔ ላይ የሰፈረው ማስጠንቀቂያ ከማንኛውም ከሳሻችን ቃል ይልቅ የጠነከረ ነው፦ በምስሎች ውስጥ መለኮት ወይም ኃይል አለ ተብሎ አይታመን፤ ከእነርሱ ምንም ነገር አይለመን፤ አሕዛብ በጣዖቶቻቸው እንዳደረጉት ተስፋ አይጣልባቸው፤ አጉል እምነት ሁሉ ይወገድ፤ ነውረኛ ጥቅም ይቅር። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2132 የኒቅያንና የባስልዮስን ቃል መልሶ ያጸናል፤ በምስል ፊት የሚነሣው የልብ እንቅስቃሴ በምስሉ ላይ አይቆምም፤ ምስሉ ወደሚያሳየው ይሄዳል ይላል፣ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስን ጠቅሶ።

ወደሚያሳየው መሄዱን የሚያረጋግጥልኝ ማን ነው? እኔ የማየው ሌላ ነው። የዚህኛው ቁምስና (ደብር) ማርያም ከዚያኛው ይልቅ ፈጥና ትሰማለች የሚል ወሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማርያም አንዲት ናት። አንዱ ሐውልት ከሌላው «የሚሰማ» ከሆነ የሚሰማው ጂፕሰሙ ነው ማለት ነው፤ ትሬንቶ የከለከለውም ይህንኑ ነው። ደግሞ የስልኩ ጉዳይ አለ፦ ይህን ሥዕል ለአሥር ሰው ያስተላለፈ በሦስት ቀን ውስጥ መልካም ዜና ይሰማል፣ ያላስተላለፈ ግን... ማስፈራሪያው ይከተላል። ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ያስተላልፈዋል። ይህን የሚልክልኝ ሰው ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከክታብ በምን ይለያል? ክታብ እንኳን ቢያንስ ያለ ማስፈራሪያ ይታሰራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የሚታየው ነው። በማንኛውም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት ሣጥን አለ፤ አጠገቡም የማይጠፋ መብራት ይበራል። በእምነታችን መሠረት ክርስቶስ ራሱ በእውነት ያለው እዚያ ነው እንጂ በሐውልት ውስጥ አይደለም። አምልኮ የሚገባው እዚያ ነው፤ ጉልበት መጀመሪያ መሬት መንካት ያለበት ወደዚያ ነው። ነገር ግን ሰው ይገባል፣ በሣጥኑ ፊት እንደ ባዶ ቦታ ያልፋል፣ ወደ ጥጉ ሐውልት ሄዶ እግሩን ይዳስሳል፣ ሻማውን ያበራል፣ ይወጣል። ያን ጊዜ «እናከብራለን እንጂ አናመልክም» የሚለው መልስ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ያ ሰው ጣዖት አምላኪ ነው አልልም፤ በልቡ ያለውን አላውቅም። ግን ወንጌላዊው ባልደረባዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቢያይ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ?

መፍትሔው መስበር ነው ብዬ አላምንም። በ600 እ.ኤ.አ. ገደማ የማርሴይ ጳጳስ ሴሬኑስ ሕዝቡ ሥዕል ሲያመልክ አየሁ ብሎ ሥዕሎቹን ሰባበረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ ከሮም ጻፈለት፤ በእጅ የተሠራ ነገር እንዳይመለክ መቅናትህ መልካም ነው፤ መስበርህ ግን ስሕተት ነው፤ ፊደል የማያውቁ ሰዎች በግድግዳ ላይ የሚያነቡትን ነጠቅሃቸው አለው። ማስተማር እንጂ ማጥፋት አይደለም ማለቱ ነው። ዛሬ ድሬዳዋ ውስጥ ፊደል የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ማስተማሩ ግን ከዚያ ዘመን ይልቅ ቀንሷል ብል ብዙ ካህናት ቅር የሚላቸው አይመስለኝም፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ይሉታልና። ልጆች ለመጀመሪያ ቁርባን ሲዘጋጁ ስለ ሣጥኑና ስለ መብራቱ ከሐውልቶቹ ስሞች በፊት ቢማሩ ምን ይጎድላል? በንግሥ ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ምስል የሚሸጥ ሰውስ ምን ተስፋ እየሰጠ እንደሚሸጥ ቁምስናው አንድ ጊዜ ቢጠይቀው?

ጥሩው አጋጣሚ ስቅለት ነው። በዚያ ቀን በላቲን ሥርዓት ካህኑ መስቀሉን ከፍ አድርጎ የዓለም መድኃኒት የተሰቀለበት እንጨት መሆኑን ያውጃል፤ ምእመኑ እንስገድ ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያም ተራ በተራ እየሄደ ይሳለማል። ሥርዓቱ ለመሳለም የሚቀርበው መስቀል አንድ ብቻ እንዲሆን ያዛል። በዚያ ሰዓት ከሁሉ የበዛ ሕዝብ ይገኛል፤ በዓመት አንዴ የሚመጣውም ጭምር። ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት የትሬንቶን ውሳኔ ያን አንቀጽ፣ ከእርሱም ጋር ሁለተኛ ነገሥት 18፥4ን ካህኑ ጮክ ብሎ ቢያነብልን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።