«ንጹሕ ሰው አሻራ አይፈራም» አሉ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ነው። ጥያቄው «ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የወንጀል መዝገቡ ይሰረዝለት ወይ?» የሚል ነበር። አንዱ እንግዳ «ንጹሕ ሰው አሻራ አይፈራም፤ መሰረዝ ማለት ሌባን መሸለም ነው» ብለው ዘጉት። አሻራ ያሉት ፖሊስ የሚሰጠውን የወንጀል መዝገብ ማስረጃ ነው። አዘጋጁ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ሰውየው እኮ የተጣሉት ከወንጀል ሕጉ ጋር ነው። የ1996ቱን ሕግ አንቀጽ 232ንና ተከታዮቹን ገልጠው ይዩ። «መሰየም» ይለዋል። ጽኑ እስራት የተፈረደበት ቅጣቱን ከፈጸመ አምስት ዓመት፣ ሌላው ሁለት ዓመት ካለፈው፣ ጠባዩ ካማረ፣ የተፈረደበትን ካሳ ከከፈለ፣ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱን ማሰረዝ ይችላል። ሽልማት ከሆነም ሌብነቱን ለተወ ሰው ነው። ወይስ ሌባው እንደ ሌባ እንዲቀጥል ነው የሚፈልጉት?

የኔ ልብ ያረፈው ግን ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ፍርዱ ከተሰረዘ በኋላ ያንን ሰው በድሮ ጥፋቱ በክፋት የነቀፈ፣ ክብር በመንካት ይጠየቃል። «እውነቴን ነው፣ ታስሮ ነበር» ማለት አያዋጣውም። አስቡት! እውነት ሆኖ እንኳ አይወራም ተባለ። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ቤት ሲከራይ «ያ ገብቶ የወጣው?» እንላለን። ሽማግሌ ሲልክ «ያ ገብቶ የወጣው?» እንላለን። ዋስ ሲፈልግ ስልክ አናነሳም። ከዚያ ሥራ አጥቶ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ «አላልኳችሁም?» እንላለን። ዳኛው አንድ ዓመት ፈረደ፤ እኛ ዕድሜ ልክ አደረግነው።

የጎረቤቴ ልጅ በ17 ዓመቱ ፑል ቤት ተጣልቶ የሰው ጥርስ ሰበረ። አንድ ዓመት ቀላል እስራት። ዛሬ 25 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ አለው። የዳቦ መኪና ለመንዳት አመለከተ፤ አሻራ አምጣ አሉት፤ አመጣ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አነበበች፣ ሁለት ቦታ አጠፈችው፣ በመስታወቱ ሥር መለሰችለት። «እንደውልልሃለን» አለችው። ስልክ ቁጥሩን ግን አልተቀበለችውም።

ሕጻናት ማቆያ የሚቀጠረው ሰው በደንብ ይጣራ፣ እሺ። ዳቦ ለማመላለስ ግን ከስምንት ዓመት በፊት የተሰበረ ጥርስ ምን ያደርጋል?

ይህ ልጅ መሰየም የሚባል ነገር መኖሩን ከእኔ ነው የሰማው። «ማን ነገረህ?» አለኝ፣ ያሾፍኩበት መስሎት። ሕጉ እንደሆነ ካላመለከቱ አይሰርዝም፤ ደግሞ ማንም አመልክት አይልም። ከማረሚያ ቤት ሲወጣ የመፈቻ ወረቀት ይዞ ወጥቷል። ወረቀቱ አሁንም እቤቱ አለ፣ አይቼዋለሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው። እዚያ ላይ አንቀጽ 232ን በአንድ መስመር መጻፍ ስንት ቀለም ይጨርስ ነበር?