«መጀመሪያ የመጣው» ማስረጃ አይደለም

ልጄ የምትማርበት የባሕር ዳር ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት ወላጆችን ሰብስቦ የቤተ መጻሕፍቱ ክፍለ ጊዜ መሰረዙን፣ ክፍሉም መቆለፉን ነገረን። ኃላፊው ምክንያቱን ሲያስረዱ «የዛሬ ልጆች ለመረጃ ፍለጋ አስተማሪ አያስፈልጋቸውም፤ ስልኩን ከእኛ በላይ ያውቁታል» አሉ፤ የጊዜ እጥረትንም ጨምረው አነሡ። ግማሹ ወላጅ አጨበጨበ። የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም።

ስልኩንማ ያውቁታል። የማያውቁት ስልኩ ያመጣላቸውን ነው።

በዚያው ሳምንት ልጄ የጣናን ስፋት ጽፋ እንድትመጣ ታዝዛ ነበር። አንዱ ገጽ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል፤ ሌላው 3,600 ገደማ። የመጀመሪያውን ገልብጣ ደብተሯን ዘጋች። «ለምን ይህን መረጥሽ?» ስላት «መጀመሪያ የመጣው እሱ ነዋ!» አለችኝ። ሐይቁ በክረምት ሲሞላ፣ በበጋ ሲሸሽ እያየች ያደገች ልጅ ናት። ሆኖም ማን ለካው፣ መቼ ተለካ ብላ አልጠየቀችም። መጠየቅን የምትማርበት ሰዓት ደግሞ ይኸው ተሰረዘ።

የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 መረጃን የመጠቀም ችሎታ ምን እንደሆነ ሲያስቀምጥ አራት ነገር ነው የጠየቀው፦ መረጃ የሚያስፈልግበትን ጊዜ መለየት፣ ፈልጎ ማግኘት፣ መመዘን፣ በአግባቡ መጠቀም። ኃላፊው ሁለተኛውን ብቻ፣ እሱንም በግማሹ ይዘው «ያውቃሉ» ብለው ፈረዱ።

መመዘን እኮ ለዚህች ከተማ ባዕድ አይደለም! ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትገዛ እናት ሻጩ «አሁን የወጣ ነው» ስላላት ብቻ ገንዘቧን አታወጣም። ስንጥቡን ገልጣ ቅላቱን ታያለች፣ ዓይኑ መፍዘዝ አለመፍዘዙን ትመለከታለች፣ ታሸታለች፣ መቼ እንደተጠመደ ትጠይቃለች። ለአንድ ቆሮሶ ይህን ሁሉ! በደሴቶቹ ገዳማት የተቀመጡት የብራና መጻሕፍትም ብዙዎቹ የጻፈውንና ያስጻፈውን ሰው ስም ይዘዋል፤ ቃሉ ባለቤት ነበረው። ዛሬ ግን ማን እንዳነሣው፣ መቼና የት እንደተነሣ የማይታወቅ ፎቶግራፍ «ጣና ደረቀ» ተብሎ በቴሌግራም ሲመጣ፣ ያችው ስንጥብ ገላጭ እናት ሳትመረምር ለአሥር ሰው ትልከዋለች። ሐይቁ ከደጇ ነው፤ ወጥታ አታየውም። ልጆቿ ከዚህ የተሻለ ነገር የሚማሩት የት ነው?

የጊዜ እጥረት ስለተባለው ብዙ አልልም። የተሰረዘው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።

ልጄ አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋ፣ ሐይቁ የተለካበትን ዓመት የሚነግራት መጽሐፍ ትፈልጋለች። መጽሐፉ ያለው እናንተ በቆለፋችሁት ክፍል ውስጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ክፈቱላት።