«ቫይታሚን ምን ይጎዳል?»

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ እንግዳ ያለቀናቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ሲያወሩ ሰማሁ። ሳንባቸው ውስጥ የሚጨመረውን፣ ሰርፋክታንት የተባለውን መድኃኒት ከቫይታሚን ኤ እና ዲ ጋር ቀላቅለን እኛም እንጀምር ባይ ናቸው። ጋዜጠኛው «ጉዳት አይኖረውም?» ሲላቸው ሳቅ አሉና «ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» ብለው አለፉት።

ምን ይጎዳል? ኢ-ፌሮልን ይጠይቁ። ያለቀናቸው ለተወለዱ ሕፃናት በደም ሥር የሚሰጥ ቫይታሚን ኢ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ሳያጸድቀው ሆስፒታል ገባ። ቫይታሚን ነዋ! የሕፃናቱ ሆድ ውኃ ቋጠረ፣ ጉበትና ኩላሊታቸው ከዳቸው። በፈረንጆቹ 1984 ከገበያ ሲሰበሰብ ስሙ ከ38 ሕፃናት ሞት ጋር ተያይዞ ነበር። በዋናነት የተጠረጠረው ደግሞ ቫይታሚኑ ሳይሆን እሱን ለማሟሟት የተጨመረው ኬሚካል ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ ውኃ ውስጥ አይሟሙም፤ የሚያሟሟቸው ነገር ይፈልጋሉ። «ሰርፋክታንት ራሱ አብዛኛው ስብ ነው፣ ይቀበላቸዋል» ይሉኝ ይሆናል። ይቀበል! ግን የሰርፋክታንት ሥራው ምን ሆነና? የሳንባን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች እንደ ስስ ሽፋን ለብሶ፣ ሕፃኑ ሲተነፍስ ተጣብቀው እንዳይቀሩ መያዝ ነው። ያን ሽፋን በባዕድ ነገር ከበረዝነው እንደ ድሮው ይይዛል? የእንስሳ ሙከራ አለ ይባላል። የበግ ግልገል ግን የሰው ልጅ አይደለም። ሻይ ላይ ሎሚ የምንጨምር አስመሰሉት እኮ!

በጡንቻ የሚወጋው ቫይታሚን ኤ ትንሽ ጠቅሟል፤ እሱን አልክድም። በፈረንጆቹ 1999 የታተመው የ807 ሕፃናት ጥናት፣ የሞቱ ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የያዛቸው ሕፃናት ድርሻ ከ62 ወደ 55 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። መርፌ ግን መርፌ ነው፣ ሳንባ ውስጥ አይንቆረቆርም።

ደግሞስ የሚቀላቀልበት ሰርፋክታንት የታለና ነው? በአምስት ሆስፒታሎቻችን ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ጥናት፣ ከሞቱት ያለቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት 45 በመቶውን በዋናነት የገደለው የሳንባ አለመብሰል ያመጣው የመተንፈስ ችግር ነው ይላል። ማሞቂያ ክፍል የገባ ሰው ያውቀዋል። ከአልጋው አጠገብ ውኃ ያለበት ጠርሙስ አለ። ከሕፃኑ አፍንጫ የሚመጣው ቱቦ ውኃው ውስጥ ገብቶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሲፓፕ ማለት እሱ ነው፤ አየር በግፊት እየላከ ሕፃኑን መተንፈስ የሚያግዝ። እናትየዋ ዓይኗን ከዚያ ጠርሙስ አትነቅልም። ኦክስጅን ሲያልቅ ቡልቅታው ቀጥ ይላል።

ስለዚያ ጠርሙስ ጋዜጠኛውም አልጠየቀ፣ እንግዳውም አላነሱ።