ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ዘይት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ተጠርተን አንዲት እናት ምክር ጠየቀችን። አዲስ አበባ ያለው የእህቷ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ክኒኑም አላሻለውም። «የካናቢስ ዘይት ገዝቼ በሰው ልልክለት ነው። እዚህ እንደሆነ ተፈቅዷል፤ መድኃኒትም ነው ይላሉ» አለች። ግማሹ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ላኪለት» ሲል ግማሹ «ጋንጃ? በስመ አብ!» ብሎ አማተበ። እኔ ከሁለቱም ጋር ተጣላሁ።

ያማተቡት የሳቱት ነገር አለ። ከዚሁ ተክል የተጣራ፣ በሐኪም የሚታዘዝ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ፤ ኤፒዲዮሌክስ ይባላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 ፈቅዶታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ውስጡ ያለው ሲቢዲ የሚባለው የተክሉ ንጥረ ነገር ነው፤ አያሰክርም። የሚያሰክረው ቲኤችሲ የሚባለው ሌላው ንጥረ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን በክኒን ተሠርቶ፣ ኬሞቴራፒ ለሚያስመልሳቸው የካንሰር ሕሙማን ከ1985 ጀምሮ ሲታዘዝ ኖሯል።

«ላኪለት» ያሉት ደግሞ ሒሳብ አልሠሩም። ኤፒዲዮሌክስ የተፈቀደው ለማንኛውም የሚጥል በሽታ ሳይሆን፣ በልጅነት ለሚጀምሩና ለሌላ መድኃኒት አልበገር ላሉ ጥቂት ዓይነቶች ነው። መጠኑን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ብንይዝ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 200 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። «300 ሚሊ ግራም» ተብሎ ሱቅ የሚሸጥ ብልቃጥ ሁለት ቀን አያደርሰውም። በጠብታ እየሰጡ ወር ካዳረሱት ልጁ የወሰደው ዘይት ብቻ ነው። መጠኑ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ልጁ ቫልፕሮዬት የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሁለቱ ሲገናኙ ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። «ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርገዋል?» ላለችኝ፣ ኮሶም ተፈጥሮ ነው አልኳት፤ እናቶቻችን ግን ለክተው ነበር የሚያጠጡት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ «ተፈቅዷል» የምትለው ቃል ናት። ሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ፈቅዳለች። ዜግነት የሚሰጠው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ ካናቢስ መጠቀምም ሆነ በካናቢስ ንግድ መሥራት የ«መልካም ሥነ ምግባር»ን መስፈርት ሊያሳጣ ይችላል ብሏል። ግሪን ካርድ ይዘው እነዚያ ሱቆች ውስጥ የሚቀጠሩ ልጆች ይህን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕቃው ቦሌ ሲደርስ ደግሞ የሚጠብቀው አደንዛዥ ዕፅን የሚከለክለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ነው። ያኔ ተይዞ የሚጠየቀው ሻንጣውን የተሸከመው ምስኪን ነው።

ታዲያ ኢትዮጵያ ትፍቀድ? ማጨሱን አልልም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ቲኤችሲ የበዛበትን አዘውትሮ ማጨስ ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ በደንብ የታወቀ ነው። በሐኪም የሚታዘዘው ግን ለምን አይገባም? የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለሕክምና መጠቀምን አልከለከለም። በዲሴምበር 2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ለ25 ድምፅ ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከተባሉት ዝርዝር አውጥቶታል። ሞርፊንም ብርቱ ሱስ የሚያስይዝ ነገር ነው፤ ሆኖም ተመዝግቦና ተቆጥሮ ለታማሚ ይሰጣል። ኤፒዲዮሌክስን በዚያው በር ለማስገባት አዲስ ፍልስፍና አያስፈልግም።

«ዋጋውስ?» አለች ሴትዮዋ። ገበያ ሲወጣ ለዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ነበር ስላት ሲኒዋን አስቀመጠች። ልጁ የታዘዘለትን ክኒን በየቀኑ ይውጥ እንደሆነም ጠየቅኋት።

«ይውጣል» አለች። «ጸበል የገባ ጊዜ ብቻ ነው ሦስት ሳምንት ያቋረጠው። የባሰበትም ከዚያ ወዲህ ነው።»